ከሞቱት ጀምር

አዝመራ ኮምፒዩተሩን ይዛ የመጣች ዕለት ረቡዕ ነበር። በአባቷ ጋቢ ጠቅልላ፣ በደረቷ አቅፋ፣ ከከተማው ዳር ከፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር በአውቶቡስ ቆማ መጥታ የምሠራበትን የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ በር በትከሻዋ ገፋችው። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ገመድ እየፈለግሁ ነበር። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው፤ ቀጥሎ ዓይኗን። ስምንት ወር ሙሉ የለመድኩት ዓይን የዚያን ዕለት እኔ ላይ ማረፍ እንቢ አለ። ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ የአሠሪዬን የኤቲን ቀይ ጥፍር እያየ ዞረ።

«ሞተ መሰለኝ» አለች።

«ማን?» አልኩ ደንግጬ።

«ኮምፒዩተሩ ነዋ! የአባባ።»

ኤቲ የሱቁ ባለቤት ናት። ሞሮኮ ተወልዳ ኢየሩሳሌም ያረጀች፣ አማርኛ የማትሰማ፣ ፊት ግን የምታነብ ሴት። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በዕብራይስጥ፣ «ካፓራ» አለችኝ፣ ‹ነፍሴ› እንደማለት፤ «ይህቺ ልጅ የተበላሸባት ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች አዝመራ፣ እሷም በዕብራይስጥ።

«እንድትሰሚ ነው ያልኩት» አለች ኤቲ፤ ጀርባዋንም ሰጥታን ራዲዮኗን ከፈተች።

ጋቢውን ፈታሁ፣ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ዲስኩን አውጥቼ በእኔ ማሽን ላይ ሰካሁት። ድምፁ ወዲያው ተሰማ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም። እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ። እንዲህ ያለ ዲስክ ውስጥ የተጻፈውን የምታነብ እንደ መርፌ የቀጠነች ክንድ አለች። ቦታዋ ሲጠፋባት ከዳር እስከ ዳር ትመላለሳለች። የምንሰማው ያንን መመላለስ ነው።

«ይድናል?» አለች አዝመራ።

«ዲስኩ አይድንም። በአዲስ ይተካል፤ እሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጥያቄው በውስጡ ያለው ነው። ሽማግሌዎቹ የተቀዱባቸው ካሴቶች አሉ አይደል?»

ከንፈሯን ነከሰች። «የሉም። አንዱን ሽማግሌ ወደ ኮምፒዩተሩ ካስገባሁ በኋላ በዚያው ካሴት ሌላውን እንቀዳበት ነበር። አባባ ‹ይቀመጥ› ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹ኮምፒዩተር አይረሳም› ያልኩት።»

አባቷ የቤተ እስራኤሉ ቄስ መንገሻ አሥር ዓመት የደከሙበት ሥራ ነው እዚያ ብረት ውስጥ ያለው። በመቫሰረት ጽዮን የአዲስ ገቢዎች መጠለያ፣ በየሰፈሩ፣ በየሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ሳይቀር እየዞሩ ሽማግሌዎችን ዘር አስቆጥረዋል። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። በአገር ቤት ቆጣሪው ሞልቶ ነበር። እዚህ ግን ቆጣሪዎቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ ልጆቹም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ጦር ክፍል ውስጥ ሳይተዋወቁ ተቀላቀሉ። ቄሱ ድምፃቸውን ሰበሰቡ፤ አዝመራ ከልጅነቷ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ እየተቀመጠች ወደ ኮምፒዩተር አስገባችው። አርባ ስድስት ድምፅ። የመጨረሻው የአባቴ የዘሩ ነው።

የእኔና የአዝመራ ነገር የተንጠለጠለውም በዚያ ላይ ነበር። ሽማግሌ ልኬ ቄስ መንገሻ የመለሱት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የዘሩን ቃል ሰምተን እሑድ እንወስናለን።» የአባቴ ወገን በለሳ ነው፤ የእሳቸውም ወገን በለሳ ነው። በየሠርጉ ሴቶች «እነዚህ ልጆች አምስት ቤት ይሞላሉ እንዴ?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ፋይሉ ዘመዳሞች ናችሁ ካለ አለቀልን። ፋይሉ ከጠፋም አለቀልን፤ ያልተቆጠረ አይጋባም።

«ከመጨረሻው ጀምር» አለች አዝመራ ድንገት። «ከአባትህ። እሺ?»

«ለምን?»

መልስ ሳትሰጠኝ ወጣች። ጋቢውን ላጥፍላት ሳነሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ፊደሏ የተለመደው ክብ ክብ ፊደሏ ነው፤

‹ውቤ፣ የአባትህን ድምፅ ካገኘኸው ሳትሰማው ለእኔ ስጠኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እመነኝ።›

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ጊዜ ፍቅር አየሁበት፣ በሁለተኛው ፍርሃት። በሦስተኛው ጊዜ የሚደበቅ ነገር እንጂ ሌላ ምንም ላይበት አልቻልኩም።

* * *

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋቱን ሙሉ ዲስኩን ለማስነበብ ስሞክር አርፍጄ አንዲት ፊደል አላወጣሁም። ሱቁ ካለበት ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍኩ። ጠባብ መንገድ ነው፤ በሁለት በኩል ረጅም የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጉልላት። ከዴር ሡልጣን ገዳም የሚመጡ አንድ የጎንደር መነኩሴ አሉ፤ ባገኙኝ ቁጥር ያቆሙኛል።

«ደኅና ዋልክ? አንተ እኮ የማን ልጅ ነኝ ነበር ያልከኝ?»

«የዘሩ ልጅ፣ አባ። በለሳ።»

«እህ! በለሳ» ይሉና ልክ ዘመዳቸውን እንዳገኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ እዚያው እቆማለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በትምህርት ዕድል ወደ ዊኒፔግ ካናዳ ሄጄ ሰባት ዓመት ቆየሁ። እዚያ ስለ በለሳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። አባቴ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል። «በላህ?» ይላል። «በላሁ።» «ይበርዳል?» «ይበርዳል።» ከዚያ እኔ እቸኩላለሁ። በፈረንጆች 2003 ክረምት የሞተ ዕለት ፈተና ላይ ነበርኩ፤ በእኛ ሕግ ቀብር አያድርም፣ አልደረስኩም። ከተመለስኩ አንድ ዓመት ሞላኝ። እስከ ዛሬ እዚህ ልኑር ልሂድ አልቆረጥኩም፤ ሻንጣዬ አሁንም ከአልጋው ሥር ግማሹ ልብስ እንዳለበት ነው።

አጥሩን ተደግፌ ደወልኩላት። ነርስ ናት፤ የዕረፍት ሰዓቷን አውቃለሁ።

«ደብዳቤሽን አነበብኩ።»

«እና?»

«የገዛ አባቴን ድምፅ የማልሰማው ለምንድን ነው?»

ከኋላዋ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

«ዘመዳሞች ነን፣ አይደል?» አልኩ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ቀድመሽ ሰምተሽዋል።»

«በስልክ አልነግርህም።»

«አዎ ወይም አይደለም በይኝ!»

«ውቤ፣ በስልክ አልነግርህም አልኩህ እኮ።»

«ልታጠፊው ነው እንዴ? ሰጥቼሽ ልታጠፊው?»

ከዚያ ድምፅዋ ቀዝቅዞ መጣ። «‹ዘር መቁጠር ለፈረስ ነው› ያልከኝ አንተ ነህ። በያፎ ጎዳና ላይ፣ እየሳቅህ። ታዲያ ዛሬ ምን አስጨነቀህ?»

ዘጋችው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነቷን ነው፤ ምን አስጨነቀኝ? ባላመንኩበት ነገር ለምን ተሟገትኳት? ድምፁ እንዳይገኝ ይሁን እንዲገኝ የምፈራው፣ እኔም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴን ማንን ወለደ፣ ማን ወለደው ብዬ ሳልጠይቀው መቅረቴን።

* * *

ዓርብ ጠዋት ቄስ መንገሻ ራሳቸው መጡ። ነጭ ጥምጣም አድርገው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጥላ ይዘው፤ አዝመራ ከኋላቸው። ኤቲ ለማንም ተነሥታ አታውቅም፤ ለእሳቸው ተነሣች።

«የት አለ በሽተኛው?» አሉ ቄሱ።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ ቄስ።»

«ምን ውስጥ?»

«ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። በደንብ ከቀዘቀዘ አንዳንዴ ለጥቂት ደቂቃ ያነባል። የመጨረሻ ሙከራ ነው፤ ሁልጊዜ አይሠራም።»

ወደ ኤቲ ትንሽ ማቀዝቀዣ ወሰድኳቸው። ዲስኩ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ይዞት ተኝቷል። ቄሱ አጎንብሰው አዩት።

«ከሥጋ ጋር ነው ያስቀመጣችሁት ወይስ ከወተት?»

በሕጋችን ሥጋና ወተት አይገናኙም። ለኤቲ ተረጎምኩላት። «ንገራቸው፣ ከዓሣ ጋር ነው። ዓሣ ከሁለቱም ወገን አይደለም።»

«ደግ» አሉ ቄሱ። «እንግዲያስ ሽማግሌ መሆን ይችላል።»

ኤቲ ሲተረጎምላት እየሳቀች ጉልበቷን መታች። አዝመራ ግን አልሳቀችም። ሦስት ቀን የነሳችኝን ዓይኗን መልሳ እኔ ላይ አሳርፋዋለች፤ እኔ ደግሞ በተራዬ ሸሸሁት።

ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ከዚያ እንደ ንብ ለስላሳ ድምፅ ይዞ መዞር ጀመረ። የስሞቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ። አርባ ስድስት ሰው።

«ሁሉም ይወጣል?» አሉ ቄሱ።

«አላውቅም። አሥር ደቂቃ ልናገኝ እንችላለን፤ ብዙ ከሆነ ሃያ። ከየትኛው ልጀምር?»

«ከመጨረሻው» አለች አዝመራ።

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «ከሞቱት ጀምር። ያሉት ደግመው ይናገራሉ።»

«አባባ፣ አባ ዘሩም ከሞቱት ናቸው። ከእሳቸው ይጀምር።»

«በተራው። አሥራ አራት ሰው ሞቶብናል፤ የሞተ ሁሉ እኩል ነው። ጉዳዩ የእኛ ስለሆነ እኛ አንቀድምም።»

እሳቸው ስክሪኑን ማንበብ አይችሉም። ጣቴን ወደ መጨረሻው መስመር ዝቅ ባደርግ ማንም አያውቅብኝም ነበር። አዝመራ ይህንን አውቃለች፤ ዓይኗ «እባክህ» ይላል። እኔ ግን በዚያ «እባክህ» ውስጥ በደብዳቤዋ ላይ ያየሁትን የሚደበቅ ነገር ብቻ አየሁ።

«ቄስ እንዳሉት» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ድንጋይ ወጣ።

አሥራ ሦስት ደቂቃ ሠራ። ዘጠኝ ሙታን ወደ አዲሱ ዲስክ ተሻገሩ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ነቅዬ መልሼ በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። ቄሱ ጥግ ይዘው በለሆሳስ ጸለዩ። አዝመራ ውጭ ወጥታ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ቆመች። ኤቲ በብርጭቆ ሻይ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማንም።»

«ስለዚህ አንተ ይቅርታ ጠይቃት።»

አልጠየቅኋትም።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ እንደገና ሰካሁት። የቀሩን አምስት ሙታን ናቸው። አራቱ ተሻገሩ። ከዚያ የአባቴ ስም መጣ፤ አረንጓዴዋ መስመር መሙላት ጀመረች። አሥር በመቶ። ሠላሳ። አዝመራ ወደ ውስጥ ገብታ ከትከሻዬ በስተኋላ ቆማለች፤ የምትተነፍሰው ፀጉሬ ላይ ይሰማኛል። ሃምሳ። ስድሳ ሁለት።

ቀጭ አላለም። ምስማር በብርጭቆ ላይ ሲሳብ ዓይነት ድምፅ ነው ያወጣው። ያንን ድምፅ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ መርፌዋ ጽሑፉ ያለበትን የዲስኩን ሳህን ነክታዋለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም። አጠፋሁት።

«ስንት ወጣ?» አለች።

«ስድሳ ሁለት በመቶ።»

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ከእሱ ብጀምር ኖሮ ሙሉው ይወጣ ነበር። እኔም አውቄዋለሁ፣ እሷም አውቃዋለች።

በእኛ ሥራ የወጣ ፋይል ሁሉ ተከፍቶ ይፈተሻል። ሥራው ይህ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ እጇ በእጄ ላይ አረፈ።

«አሁን አይሁን፣ ውቤ። እዚህ አይሁን። ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ።»

«ወንድሜ» የሚለው ቃል አቃጠለኝ። እጇን አነሣሁና ተጫንኩት።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ በስልክ ውስጥ «በላህ?» ሲለኝ የኖረው ድምፅ፤ «ተቀዳ? ይሰማል?»

«ይሰማል፣ ተናገር» ይላል የቄስ መንገሻ ድምፅ፣ ከዛሬው በርታ ብሎ።

«እሺ። እኔ ዘሩ እባላለሁ፤ አገሬ በለሳ። የምናገረው ስለ ልጄ ስለ ውበቱ ነው። ውበቱ ካናዳ ነው ያለው፣ ትምህርት ላይ። ይህን ነገር አያውቅም። ሚስት አገባለሁ ያለ ዕለት ከእኔ አፍ ይስማ። እኔ ከሌለሁ ድምፄ ይንገረው፤ ሌላ ሰው እንዳይነግረው። መንገሻ፣ ቃል ግባልኝ።»

«ገብቻለሁ።»

«ውበቱን እኔ አልወለድኩትም።»

ቄሱ ወደ ወለሉ አቀረቀሩ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ድምፁ ቀጠለ፤ እያረፈ፣ እየተነፈሰ።

«ሱዳን የገባን ጊዜ፣ ሚስቴን በቀበርኩ በሳምንቱ፣ ከድንኳኔ አጠገብ አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ይዛለች። ባሏ መንገድ ላይ ቀርቷል። እሷም ታመመች። ታማ ሳለች ውኃ አላለችኝም፣ እህል አላለችኝም። ‹ቁጠር› አለችኝ። የልጇን አባቶች ትጠራለች፣ ‹በል ድገመው› ትለኛለች። ስሳሳት ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። ‹ካላወቀ እህቱን ያገባል› ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰባቱንም ሳልስት ጠራሁላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። የእሷ ወገን ሽሬ ነው፤ ከእኛ አገር ሰው ተጋብተው አያውቁም፣ ይህንንም ነግራኛለች። በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውን የሚጽፍ መዝጋቢ መጣ። ወላጅ የሌለው ልጅ ለብቻ ይወሰዳል ሲባል ሰማሁ። ‹ልጄ ነው› አልኩ። ዋሸሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ውሸት ሆኖ አያውቅም።»

ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል።

«እንግዲህ ልቁጠር። ውበቱ የፈረደ። ፈረደ የአድማሱ። አድማሱ የቢያድግልኝ። ቢያድግልኝ የወርቅነህ። ወርቅነህ የ…»

ድምፁ ተቆረጠ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ኤቲ አንድም ቃል ሳትሰማ ራዲዮኗን አጠፋች። አራት ስም ብቻ ነበረን፤ ሦስቱ ጎድለዋል። ሦስቱን ስሞች የያዘችው ሴት በሱዳን አፈር ውስጥ ናት፤ የሸመደዳቸው ሰው ደግሞ እኔ ባልደረስኩበት መቃብር ውስጥ።

ከኋላዬ አዝመራ ተናገረች። በጣም በዝግታ፣ ውኃ የሞላ ዕቃ እንደ ተሸከመ ሰው።

«ወርቅነህ የሰንበቱ። ሰንበቱ የጀንበሩ። ጀንበሩ የይርዳው።»

ዞርኩ። «ታውቂያቸዋለሽ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ አውቃቸዋለሁ። ካሴቱን ሳስገባ ሰማሁት። ከዚያ ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ሳላውቅ አንቺ ታውቂ ነበር! ስምንት ወር እጄን ይዘሽ ስትሄጂ! እዚህ ሱቅም የመጣሽው በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም። ‹የዘሩ ልጅ ተመለሰ› ሲባል ሰማሁ። ፊትህን ለማየት መጣሁ። አንዲት ሴት ሦስት ቀን ውኃ ሳትጠይቅ የለመነችለት ልጅ ምን እንደሚመስል ለማየት።»

«አዘንሽልኝ።»

«አዎ፣ አዘንኩልህ!» ድምፅዋ ሱቁን ሞላው። «የመጀመሪያ ቀን አዘንኩልህ። ከዚያ አናደድከኝ። ‹ዘር መቁጠር ለፈረስ ነው› ያልከኝ ዕለት ቤቴ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። እንደወደድኩህ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሰው ባዘነለት ሰው እንደዚያ አይናደድም፣ አንተ ደረቅ! ከመጨረሻው ጀምር ያልኩህ እንዳይጠፋብህ ነው። ሳትሰማው ስጠኝ ያልኩህ እዚህ፣ በገመድ መሐል፣ ብቻህን እንዳትሰማው ነው። እጅህን ይዤ እንድትሰማው ነበር የፈለግሁት።»

እጄን አየሁት። ከአምስት ደቂቃ በፊት እጇን ያነሣሁበት እጅ ነው። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ በእሱ ምትክ የመጣው ኀፍረት ግን ቆሜ ልሸከመው ከምችለው በላይ ነበር፤ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

ቄስ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለጉዳይ ለራሱ ጉዳይ ምስክር አይሆንም። ሕጋችን ይህ ነው።»

ሰባት ዓመት የተማርኩት ሁሉ፣ የሳቅሁበት ሁሉ፣ እዚያች ወንበር ላይ ጥሎኝ ሄደ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እኚህ ሽማግሌ «ይሁን» እንዲሉ።

ቄሱ ጥላቸውን ተመርኩዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ። አይተዋት የማያውቁ ይመስል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህን ስሞች የሰማሽ መቼ ነው?»

«በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ አባባ።»

«ያኔ ይህን ልጅ ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«ፎቶውንም አላየሁም።»

«ታዲያ ያኔ ባለጉዳይ አልነበርሽም። ምስክር የሚመዘነው በሰማበት ቀን ነው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔም እኮ ሰምቼው ነበር። ተቀዳ ብዬ ጣልኩት። ጆሮዬን ለብረት አደራ ሰጠሁ። እስቲ ድገሚልኝ።»

አዝመራ ሰባቱንም ጠራች። እሳቸው በአንድ እጃቸው ጣት እሷ የምትጠራቸውን እየያዙ፣ በሌላው እጃቸው የራሳቸውን ቤት ቆጠሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት። ሲጨርሱ የሚስታቸውን ወገን ጀመሩ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነው። አዝመራ ዓይኗን ከአባቷ ጣቶች አልነቀለችም፤ እኔ ከእሷ አልነቀልኩም።

በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከእኛ ቤት አንድም የለበትም» አሉ። «ባዕድ ነህ፣ ልጄ።»

አዝመራ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ኤቲ ምን እንደተባለ ሳይገባት «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ልበል ወይስ መሐረብ ላምጣ?» እያለች ትሯሯጣለች።

«እሑድ ግን» አሉ ቄሱ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ፣ «ሽማግሌዎቹ ፊት የምትቆጥረው አንተ ነህ። እሷ አይደለችም፤ እኔም አይደለሁም። ብትስት ከመጀመሪያው ነው።»

ሰንበት ከመግባቱ በፊት የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ወጣን። በአዲሱ ዲስክ ላይ አሥራ ሦስት ሙታን ሙሉ ሆነው፣ አንዱ በከፊል፣ በአዝመራ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ሱቆቹ መዝጊያቸውን እያወረዱ ነው፤ ሰው ሁሉ ዳቦና አበባ ይዞ ይሮጣል። ቄስ መንገሻ ከፊታችን ሄዱ፤ ሊሰሙን ከማይችሉበት ትንሽ ራቅ ብለው፣ ከዕድሜያቸውም በላይ ቀስ እያሉ።

«ይቅርታ» አልኳት። «ከሐሙስ ጀምሮ ላለው። ስለ እጅሽም።»

«በኋላ ትጠይቀኛለህ። አሁን ቁጠር።»

«አሁን?»

«እሑድ ሩቅ አይደለም። በል፤ ውበቱ…»

አፌን ከፈትኩ። ፈረደ የሚለውን ስም አውቀዋለሁ፤ አሁን ሰምቼዋለሁ፣ ከሞተበት መንገድ ተነሥቶ ሊጠራ የሚገባው ሰው ነው። ደግሞም ያቺ ሴት አለች፤ ስሟን እንኳ አላውቀውም፣ መልኳንም አላስታውስም፤ ግን ስሳሳት ልትሰማኝ የቆመች መሰለኝ። ሁለቱንም አሰብኩ። ጉሮሮዬ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደውል አንድ ሰው ነበረበት። «ይበርዳል?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እቸኩላለሁ።

«ውበቱ የዘሩ» አልኩ።

ስህተት ነበር። አዝመራ ታውቃለች፤ እያንዳንዱን ስም ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ከመጀመሪያው» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችኝም። በአላፊ አግዳሚው መሐል ቆመች፤ የማልቸኩልበት ቦታ ሰጥታ ጠበቀችኝ። እኔም አባቴን የቀበሩት ዕለት ሳላለቅስ የቀረሁትን፣ በነቢያት ጎዳና ላይ፣ ከእሷ ጋር አለቀስኩት።